ፖስተሩ ላይ ያለችው ሴት

ሰገነት በቀለ ሐረር ውስጥ ሸዋ በር አጠገብ ባለው የጋሽ ሽመልስ ፎቶ ቤት መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመት አልፏታል። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነው፤ ፊቷ ሞላ ያለ፣ መነጽር የማይለያት፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ነበረች። ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ነው። የተቀደደ ጉርድ ፎቶ ትጠግናለች፤ ሙሽራ ፊት ላይ የወደቀ ጥላ ታነሣለች፤ አንዱ ጅዳ አንዱ አዋሳ የሚኖሩ ወንድማማቾችን አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ለእናታቸው ግድግዳ ታበቃለች። ጋሽ ሽመልስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸውና ፎቶሾፕ የሚባለውን ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ በጥርጣሬ ነበር ያዩት። ፎቶ ማለት የነበረውን ማሳየት እንጂ ያልነበረውን መፍጠር አይደለም ይሉ ነበር። ኋላ ደንበኛው ሁሉ ወደ እሷ ጠረጴዛ ሲዞር ክርክሩን ተዉት።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ አልፎ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ቢኒያም የሚባል መምህር ወደ ፎቶ ቤቱ መጣ። ቢኒያም በትርፍ ጊዜው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በአንዲት ቪዲዮ ካሜራ ፊልም ሠርቶ ጨርሷል። «ግንቡ ሲያቃስት» ይባላል፤ በአብዮቱ ዘመን በግፍ የተገደለች ሴት ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ቤቷ ተመልሳ የገዳዮቿን ልጆች መግቢያ መውጫ ስታሳጣቸው የሚያሳይ አስፈሪ ፊልም ነው። አዳራሹም ተይዟል፣ ቀኑም ተቆርጧል። የቀረው ፖስተሩ ብቻ ነበር። ችግሩ፣ መንፈሷን ሆና የተጫወተችው ልጅ ፊቷ በየግድግዳው እንዲለጠፍ እጮኛዋ አልፈቀደም።

«የማንንም ፊት አድርጊው» አላት ቢኒያም፤ «ብቻ የዛሬ ሰው አትምሰል። የዚያን ዘመን ሴት ትሁን። ያያት ሰው ደንግጦ ይቁም።»

ሰገነት ነገሩን ስታወጣና ስታወርድ ዋለች። በፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ የሺህ ሰው ፊት ተከማችቷል፤ ነገር ግን ሰው አምኖ የተነሣውን ፎቶ ወስዶ ጭራቅ ማድረግ ነውር መስሎ ታያት። በመጨረሻ መነጽሯን አወለቀችና ጋሽ ሽመልስን በመስኮቱ ብርሃን ራሷን እንዲያነሷት ለመነቻቸው። አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ፣ ዓይኗን ቀና አድርጋ ቆመች። እሳቸውም እየሳቁ አነሷት።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ከወንበሯ አልተነሣችም ማለት ይቻላል። ፎቶሾፕ ውስጥ ሥዕል የሚሠራው ላየር በሚባሉ፣ እንደ ስስ ፕላስቲክ አንዱ በአንዱ ላይ በሚነባበሩ ገጾች ነው፤ እያንዳንዱን ለብቻው መሥራትም መደበቅም ይቻላል። በመጀመሪያ ራሷን ከራሷ ማራቅ ነበረባት፤ ደንበኛ ሁሉ መጥቶ እንዲስቅባት አልፈለገችም። ጉንጯን አከሳችው። አገጯን አሾለችው። ቅንድቧን እንደ ድሮ ሴቶች እንደ ክር አቀጠነችው። ፀጉሯን አጥፍታ በምትኩ ትልቅ ክብ አፍሮ በብሩሽ፣ አንዷን ዘለላ ከሌላዋ እየለየች ሣለችላት። አንገቷ ላይ ያን ጊዜ ይለበስ የነበረውን ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ አለበሰቻት። በዚህ ሁሉ መካከል ሥዕሏ የሆነች የማታውቃት ወጣት ሴት ሆና ቁጭ አለች፤ ቆንጆ፣ ፈገግ ልትል የደረሰች። ሰገነት ለአንድ አፍታ አየቻት። ከዚያ መግደል ጀመረች። ከቆዳዋ ላይ ደም መጠጠች፤ አመድ አስመሰለቻት። የዓይኗን ዙሪያ አጠቆረች። ከግራ ጆሮ ግንዷ ጀምሮ በጉንጯ ወርዶ ኮሌታዋን የሚያጨቀይ ደም አፈሰሰችባት። የፊልሙን ስም በቀይ ከሥሯ ጻፈች።

ጋሽ ሽመልስ ከምሳ ሲመለሱ ሥዕሉ በስክሪኑ ሙሉ ተከፍቶ ነበር። እግራቸው ደፉ ላይ ቀረ። አማትበው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈጉና፣ ይቺን ሴት ሕልሜ ላይ እንዳትመጣብኝ ዝጊያት አሏት። ሰገነት ደስ አላት። የተባለችው እንዲያስደነግጥ ነውና።

ለናሙና አንድ ቅጂ አትማ ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች። የምትኖረው ከእናቷ ከወይዘሮ ሙሉ ጋር ነው። አባቷ መምህር በቀለ ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ወንድምም እህትም የላትም። ወይዘሮ ሙሉ ከሆስፒታል በጡረታ የተገለሉ ጤና ረዳት ናቸው፤ ደም ያዩ፣ ሬሳ የገነዙ፣ በቀላሉ የማይበረግጉ ሴት። ያን ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ሰገነት ከኋላቸው መጥታ ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋችው።

ሰፌዱ ከጭናቸው ላይ ወደቀ። ምስሩ በረንዳውን ሞላው። ወይዘሮ ሙሉ አልጮኹም፤ አላማተቡም። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ድንጋጤ ጋሽ ሽመልስ እንደደነገጡት ዓይነት አልነበረም።

«ይህን ማን ሰጠሽ?» አሉ።

ሰገነት እየሳቀች የራሷ ፊት መሆኑን፣ በኮምፒውተር መለወጧን አስረዳቻቸው። ሳቋን ማንም አልተቀበላትም።

«ከቤቴ አውጪልኝ» አሉ። «አሁኑኑ።»

 ምስሩን ሳይሰበስቡ ገብተው ተኙ። በማግስቱ እህል አልቀመሱም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዳዊታቸውን ሲደግሙ ዋሉ። ሰገነት እናቷን ያስቆጣቸው እሷ በሙት መንፈስ መቀለዷ ነው ብላ አሰበች፤ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ጭንቅላቷን ዳበስ አድርገው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። 

ፖስተሩ ድሬዳዋ ታትሞ ሁለት መቶ ቅጂ መጣ። ቢኒያምና ጓደኞቹ በአንድ ጠዋት ሸዋ በር፣ ፈረስ መጋላ፣ ከዚያም አልፈው በሌሎቹ የጀጎል ግንብ በሮች ላይ በየተራ ለጠፉት። የከተማው ሰው ቆሞ ያያል፤ ሴቶች የልጆቻቸውን ዓይን ሸፍነው ያልፋሉ። ቢኒያም ደስታውን አልቻለውም፤ ደውሎ፣ ፊልሙን ማንም ሳያየው አንቺ አሳይተሽዋል አላት።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አንዲት የሐረሪ አሮጊት ወደ ፎቶ ቤቱ ገቡ። ስድሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ብርቱካናማ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። እስትንፋሳቸው ይቆራረጣል። የሁለት እጃቸው ጥፍር ሥር ነጭ ሙጫ ተጣብቆበታል። ከነጠላቸው ሥር የተጣጠፈ ወረቀት አወጡና በሰገነት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ከግድግዳ በጥፍር የተላጠ ፖስተር ነበር።

«ይህን የሠራ እዚህ ነው ያለው አሉኝ» አሉ።

ሰገነት እሷ መሆኗን ነገረቻቸው፤ በልቧ የምትሰደብበት ቀን ደረሰ አለች። አሮጊቷ ግን አልተሳደቡም።

«ፎቶዋን ከየት አገኘሽው ልጄ?»

«የማንን ፎቶ እማማ?»

«የእሷን። የአስካለን። አንድም ፎቶ አልነበራትም እኮ። ተነሺ ብዬ ብዙ ጊዜ ለምኛት ነበር፤ ባለቤቴ ሲመጣ አብረን እንነሣለን ትለኝ ነበር። ወላሂ አንድም አልነበራት።»

ሰገነት ወንበር አቅርባ አስቀመጠቻቸው፤ ውኃ ሰጠቻቸው። ስማቸው ሳፊያ መሆኑን፣ ቤታቸው ፈላና በር አጠገብ፣ ከወላጆቻቸው የወረሱት መሆኑን ነገሯት። ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ከበሩ ግንብ ላይ ይህን ፊት አዩት። ሠላሳ ዓመት ያለቀሱላት ሴት፣ ደም በደም ሆና፣ አፍጥጣ አየቻቸው። መሬት ተቀመጡ። ሰው ሊያነሣቸው ሲመጣ እሱን ትተው ግድግዳውን መቧጨር ያዙ።

ሰገነት ሴትዮዋን እውነቱን አሳይታ ልታረጋጋቸው ወሰነች። እንዲህ ያለች ሴት የለችም፣ ይቺ በማሽን የተሠራች ናት ብላ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው፤ ዋናውን ፋይል ከፈተችው። ይዩዋት፣ አንድ በአንድ አነሣልዎታለሁ አለች። ቀዩን ጽሑፍ ደበቀችው። ደሙን ደበቀችው። የዓይኑን ጥቁረት፣ የቆዳውን አመድ ደበቀች። አፍሮ ያላት፣ ሰፊ ኮሌታ ያላት፣ ፈገግ ልትል የደረሰች ወጣት ሴት ብቻ ቀረች።

እማማ ሳፊያ እጃቸውን ዘርግተው የስክሪኑን መስታወት ነኩት። «ሱብሃነላህ» አሉ። «ይኸው። ይኸው አስካለ።» ከዚያ እንባቸው ወረደ።

ሰገነት ቀጣዩን ላየር መደበቅ አቅቷት እጇ ማውሱ ላይ ቀረ። ምን ዓይነት ሴት እንደነበረች ጠየቀቻቸው። እማማ ሳፊያም ነገሯት።

አስካለ ከጎጃም ከወታደር ባሏ ጋር የመጣች ልጅ ነበረች። ባሏ ዓለሙ ይባላል። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ከልብስ ሰፊዎቹ ጋር ትሰፋ ነበር፤ እጀ መልካም ናት ተብላ የሐረሪ ሙሽሮች ሳይቀሩ ልብሳቸውን ለእሷ ይሰጡ ነበር። ማደሪያዋ ከእማማ ሳፊያ ቤት በላይ ያለችው ክፍል ነበረች። ሁለቱም እኩያሞች ነበሩ፤ ክርስቲያንና እስላም ሳይባባሉ እንደ እህት ኖሩ። ዓለሙ የሶማሊያ ጦርነት ሊጀመር ሲል ወደ ጅጅጋ ግንባር ሄደ፤ እሷም ከሄደ በኋላ ሴት ልጅ ተገላገለች። ጦርነቱ ወደ ሐረር ሲጠጋና መድፍ ከተማው ውስጥ መውደቅ ሲጀምር የእማማ ሳፊያ ቤተሰብ ዘመድ ጋ ወደ ዓለማያ ሊሸሽ ተነሣ። እንሂድ ብለው አስካለን ለመኗት። ዓለሙ መጥቶ ቢያጣኝስ ብላ እምቢ አለች።

«ልጇን እንኳ ስጪኝ አልኳት» አሉ እማማ ሳፊያ። «ጡት አልተወችም አለችኝ። ጥያት ሄድኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንመለስ ላይኛው ክፍል የለም፤ ድንጋይና አቧራ ነው። እናትም ልጅም ሞተዋል፣ ከሌሎቹ ጋር ተቀብረዋል አሉን። የት እንደተቀበሩ እንኳ በቅጡ የሚነግረኝ አጣሁ። ያቺ ሕፃን ሰባት ወሯ ነበር። እኔ ነኝ እትብቷን የቆረጥኩት። ሰገነት ላይ ስለወለድኳት ስሟ ሰገነት ይሁን አለች፤ ሳቅንባት። ሰገነት አልናት።»

 ከውጭ የሚኒባስ ረዳቶች ተሳፋሪ ሲጠሩ ይሰማል። ጋሽ ሽመልስ ከውስጠኛው ክፍል ወጥተው በሩን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ሰምተዋል። ሰገነትን አይተው ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ሰገነት ለሴትዮዋ ስሟን አልነገረቻቸውም ነበር። ፖስተሩም ላይ ስሟ የለም።

ሰገነት የሚቀጥለውን ላየር ደበቀችው። አፍሮው ጠፋ። ሌላውን ደበቀች፤ ጉንጩ ሞላ፣ አገጩ ተመለሰ። በስክሪኑ ላይ መነጽር የሌላት ሰገነት ቀረች። መነጽሯን ከዓይኗ ላይ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ እማማ ሳፊያ ዞረች።

«ሰገነት እባላለሁ» አለች።

አሮጊቷ ስክሪኑን አዩ፤ እሷን አዩ። እንደገና ስክሪኑን አዩ። ከወንበራቸው ሲንሸራተቱ ጋሽ ሽመልስ ሮጠው ያዟቸው።

ሰገነት ወደ ቤቷ እንዴት እንደሄደች ኋላ ስትጠየቅ አታስታውሰውም። መንገድ ላይ በየግድግዳው ያቺ ሴት ነበረች። ሰባት ስምንት ቦታ ላይ አለፈቻት፤ ያፈሰሰችባትን ደም ስታይ እጇን በቀሚሷ ትጠርግ ነበር። ልቧ ግን ገና አላመነም። ስም ይገጣጠማል፣ መልክ ይመሳሰላል፣ አሮጊት ሰው ይሳሳታል እያለች ነበር የሄደችው። እናቷ አንድ ጊዜ ቢስቁባት፣ ምን የምትይው ወሬ ነው ቢሏት፣ ሁሉም ነገር በቦታው ይመለስ ነበር።

ወይዘሮ ሙሉ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። በሩ ላይ ቆማ «አስካለ ማናት?» አለች።

ወይዘሮ ሙሉ አልሳቁም። ዳዊታቸውን ዘግተው ጎናቸው አስቀመጡት።

«በሩን ዝጊና ተቀመጪ» አሏት።

ሰገነት አልተቀመጠችም። ወይዘሮ ሙሉም ጣሪያውን እያዩ ተናገሩ። በዚያ በጦርነቱ ዘመን፣ በኅዳር ወር፣ ሆስፒታሉ ከወታደርና ከሲቪል ቁስለኛ ብዛት መተላለፊያው ሳይቀር ተኝቶበት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፈላና በር በኩል በቃሬዛ አንዲት ሴት አመጡ። ግራ ጆሮ ግንዷ ተመትቷል፤ ደሙ በጉንጯ ወርዶ አንገትጌዋን አርሶታል። እጇን ከደረቷ ላይ ማላቀቅ አልተቻለም፤ ከነጠላዋ ሥር አንዲት ጭረት ያልነካት ሕፃን ይዛ ነበር። ሴትዮዋ እስከ ማግስቱ ቆየች። ስሜ አስካለ ነው፣ ልጄ ሰገነት ናት፣ ባሌ ዓለሙ ወታደር ነው፣ ይመጣል አለች። ከዚያ በላይ አቅም አላገኘችም።

ወይዘሮ ሙሉ ያን ዓመት ሁለተኛ ልጃቸውን ቀብረው ሐዘን ላይ ነበሩ። ጡታቸው ወተቱ አልደረቀም ነበር። ሕፃኗ ስታለቅስ ሰምተው ሳያስቡት ጡት ሰጧት። የሚፈልጋት ሰው እስኪመጣ ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ሁለት ወር ጠበቁ፤ ማንም አልመጣም። ስለ ዓለሙ ለመጠየቅ መምህር በቀለ ጦር ሰፈር ድረስ ሄደው ነበር፤ ከግንባር ያልተመለሰ ሰው ዝርዝር ውስጥ አገኙት። ከዚያ የመምህሩ ዝውውር መጣና ወደ አሰበ ተፈሪ ሄዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ሌላ ሰፈር ገቡ፤ ልጅ ይዘው መጡ፤ ማንም አልጠየቀም።

«ስምሽን አልቀየርኩም» አሉ ወይዘሮ ሙሉ። «እሷ የሰጠችሽ እሱን ብቻ ነበር፤ እሱን መውሰድ ፈራሁ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ትምህርት ጀመርሽ። ትምህርት ስትጨርሺ እነግራታለሁ አልኩ፤ ጨርሰሽ ሥራ ያዝሽ፤ ደግሞ ነገ ስል አባትሽ ሞተ። ያን ወረቀት ፊቴ ስትዘረጊው፣ ሰገነቴ፣ ቃሬዛው ላይ እንዳየኋት ነበረች። ያ ደም፣ ያው በግራ በኩል። ልትጠይቀኝ መጣች አልኩ።»

  ሰገነት ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ሁለት ቀን ከወይዘሮ ሙሉ ጋር አልተነጋገረችም። ምግቡ በሯ ላይ ይቀመጣል፤ ስትወጣ ትበላዋለች፤ ሳህኑን አጥባ ትመልሰዋለች። ከቁጣዋ ይልቅ የሚያንገበግባት የገዛ እጇ ነበር። አራት ቀን ሙሉ የዚያችን ሴት ጉንጭ ስታከሳ፣ ዓይኗን ስታጠቁር፣ የሞተችበትን ቁስል ያለ አንዳች ስሕተት ቦታው ላይ ስታስቀምጥ፣ ይበልጥ እንዲያስፈራ ደሙን ስታደምቅ እንዴት ደስ ይላት እንደነበር ታስታውሳለች። ማንም አልነገራትም። ቢሆንም እጇን ማየት አስጠላት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሥታ ቢኒያም ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሄደች። በዕረፍት ሰዓት ዛፍ ሥር አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ ፖስተሩ እንዲነሣላት ለመነችው። ፊልሙ ሊታይ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ቢኒያም ሲሰማ ቆየና እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ሊከራከር ይችላል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የትኛው ግድግዳ ላይ ስንት እንደለጠፉ አላስታውስም፣ አብረሽኝ ትዞሪያለሽ? አላት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባልዲና ብሩሽ ይዞ፣ ነጭ ወረቀት ተሸክሞ ከተማውን ዞረ። እሷ ታሳየዋለች፣ እሱ ይሸፍናል። ሙጫው የደረቀበትን በውኃ አርሶ በቢላ ላጠው። ሰዎች ምን ሆናችሁ ብለው ሲጠይቁ፣ ስሕተት ነበረበት ይላቸዋል። ለአዲሱ ፖስተር ሰገነት አንድ የተዘጋ የእንጨት በር ሠራችለት፤ ሌላ ምንም የለበትም። ፊልሙ በቀኑ ታየ፤ አዳራሹም ሞላ። እሷ አልሄደችም።

እማማ ሳፊያ በበኩላቸው ፎቶ ቤቱ በመጡበት ቀን ከጋሽ ሽመልስ አድራሻ ተቀብለው ኖሮ፣ በሳምንቱ ወደ እነ ሰገነት ቤት መጡ። ወይዘሮ ሙሉ በሩን ሲከፍቱ ማን እንደሆኑ ሳይነገራቸው አወቁ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ኋላ እንደተናገሩት፣ ሠላሳ ዓመት ሲፈሩት የኖሩት ቀን ያ ነበር፤ የልጅቷ የሆነ ሰው መጥቶ ልጃችንን ስጡን የሚልበት ቀን። ሰገነት ከኋላቸው ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

እማማ ሳፊያ አልገቡም። ደጃፉ ላይ እንደቆሙ የወይዘሮ ሙሉን ሁለት እጆች ያዙና ጎንበስ ብለው ሳሟቸው። ወይዘሮ ሙሉ እጃቸውን ሊያስለቅቁ ሞከሩ፤ አልቻሉም።

«እኔ ጥያት የሄድኩትን አንቺ አነሣሽ» አሏቸው እማማ ሳፊያ። «እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ። እኔ የምለው ይኸው ነው።»

ወይዘሮ ሙሉ ያን ጊዜ ነበር ያለቀሱት። ሰገነትም ከቆመችበት ተነቅላ መጣች፤ የማንኛቸውን ትከሻ መጀመሪያ እንደያዘች አላወቀችም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ተስተካከለ ማለት አይደለም። ሰገነት ወይዘሮ ሙሉን እማዬ ለማለት አፏ የሚተሳሰርባት ጊዜ ነበር። መታወቂያዋ ላይ ያለውን የአባት ስም ልቀይረው ወይ ብላ ብዙ ቀን አስባ፣ እንዳለ ተወችው፤ የዓለሙን ስም ግን ከእማማ ሳፊያ አፍ ደጋግማ አስነገረች፣ ቁመቱን፣ አነጋገሩን፣ ምን ይወድ እንደነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፈላና በር መሄድ ለመደች። ላይኛው ክፍል ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተሠርቷል፤ እዚያ ወጥታ ስትቀመጥ እማማ ሳፊያ ከሥር ሆነው፣ የት አካባቢ አልጋው እንደነበር፣ የት የስፌት መኪናው እንደነበር እየጮኹ ይነግሯታል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ መቃብሩ። እማማ ሳፊያ አያውቁትም። ወይዘሮ ሙሉን ስትጠይቃቸው፣ እሑድ እንሄዳለን፣ ሳፊያንም ጥሪያት አሏት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መካነ መቃብር ሄዱ። እማማ ሳፊያ በሩ ላይ ትንሽ አመነቱ፤ ወይዘሮ ሙሉ ክንዳቸውን ያዙና አስገቧቸው። ወይዘሮ ሙሉ በመቃብሮቹ መካከል መንገዱን ሳይጠይቁ፣ ቀና ሳይሉ ሄዱ። ሰገነትም ስትከተላቸው መንገዱን እንደምታውቀው ገባት። በልጅነቷ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ከእናቷ ጋር እዚህ ትመጣ ነበር፤ በሕፃንነታቸው የሞቱትን ሁለት ወንድሞችሽን እንጎብኝ እየተባለች።

ሁለቱን ትናንሽ መቃብሮች አለፏቸው። ከእነሱ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ከአንድ ጽድ ሥር፣ ስም የሌለው፣ ዙሪያው በተራ ድንጋይ የተከበበ ቦታ አለ። ወይዘሮ ሙሉ እዚያ ቆሙ።

ሰገነት ድንጋዮቹን አየቻቸው። አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። እናቷ የወንድሞቿን ሣር ሲነቅሉ እዚህ ነበር የሚያስቀምጧት፤ ዳቦ ይሰጧታል፤ እሷም እነዚህን ድንጋዮች እየለቀመች ቤት ትሠራለች፣ ታፈርሳለች። አንድ ዓመት ደክሟት እዚሁ ተጋድማ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ስትነቃ ነጠላ ለብሳ፣ እናቷም አጠገቧ ቁጭ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ ከሰው ጋር እንደሚያወሩ ሲያወሩ ሰምታለች። ከማን ጋር ነው የምታወሪው ብላ ጠይቃ ነበር። ጸሎት ነው ተብላ ነበር።

እዚያው ተቀመጠች። እማማ ሳፊያ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አሉና መዳፋቸውን አፈሩ ላይ አደረጉ።

«ላንቺ ነው እንጂ መናገር ያቃተኝ» አሉ ወይዘሮ ሙሉ፣ እንደቆሙ። «ለእሷ በየዓመቱ አምጥቼ አሳይቻታለሁ። ይኸው ጥርስ ነቀለች፣ ይኸው አንደኛ ክፍል ገባች እያልኩ። ከእሷ የደበቅኩት ነገር የለም።»